እኔ ያስጠናኋት ታሪክ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ዝናብ። የስደተኞች የሕግ ድጋፍ ቢሯችን ጣሪያ ያፈሳል። ከኮምፒውተሩ አጠገብ ባልዲ አስቀምጠን፣ ጠብ ጠብ እያለብን ነው የምንሠራው።

ዛሬ አዲስ ሰው መጣች። ልብስ ሰፊ። ታጣቂዎች ባሏን ከቤት አውጥተው ገድለውባት ከሴት ልጇ ጋር ድንበር ተሻግራ የመጣች። ጥገኝነት ጠይቃለች፣ ቃለ መጠይቋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ካልተፈቀደላት ወደዚያው ትመለሳለች... እዚያ ደግሞ ማን እንደሚጠብቃት ታውቃለች።

ጠበቃችን ፋይሏን ይዞልኝ መጣ። "ቲቸር፣ እቺን ያዘጋጁልኝ። ከእርስዎ እጅ የወጣ ወድቆ አያውቅም" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ የሚለኝ ማን አለ?

ስታወራ ግን... ኧረ የእግዜር ያለህ! ከመሃል ትጀምራለች፣ ወደ ሠርጓ ትመለሳለች፣ የባሏን ቀልድ ታወራለች፣ ራሷው ትስቃለች፣ ከዚያ ድንገት ታለቅሳለች። ጎረቤቴ እንዲህ አለችኝ፣ እሱ እንዲያ አላት... ቀን የለ፣ ቅደም ተከተል የለ። "ቆይ፣ ቆይ ልጄ" አልኳት። "መጀመሪያ ምን ሆነ? ቀኑ መቼ ነበር?"

ማታ ለእህቴ ነገርኳት። "ተማሪ ብታጪ ስደተኛ ማስጠናት ጀመርሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ብዙ ወሬ ቆረጥኩላት። አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀን፣ ቦታ፣ ማን መጣ፣ ምን አለ፣ ምን ሆነ።

መጨረሻ ላይ የምወዳትን ዓረፍተ ነገር ሰጠኋት። "ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።" ለሁሉም የምሰጣት ናት። ታሪክን ታሳርፋለች። "እኔ እኮ እተኛለሁ እትዬ" አለችኝ። "ሲደክመኝ እንደ ሬሳ ነው የምተኛው።" "ግድ የለም፣ በያት" አልኳት።

ደጋግሜ በቃሏ አስባልኳት። አንድ ቃል አልሳተችም። "ጎበዝ!" ስላት አፍራ ፈገግ አለች። ክፍል ውስጥ የነበርኩ መሰለኝ።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ቃለ መጠይቁ አለፈ። ውጭ አግዳሚው ላይ ሆኜ ጠበቅኳት።

"እንዴት ነበር?"

"አንዴ ብቻ አቋረጡኝ እትዬ። ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር አሉኝ። የት እንደደረስኩ ጠፋኝ። 'ከመጀመሪያው ልጀምር?' አልኳቸው።"

"ከዚያስ?"

"ጀመርኩ።"

"ደግ አደረግሽ" አልኳት።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ተከለከለች።

ጠበቃው ውሳኔውን ጮክ ብሎ አነበበው። አመልካቿ ያቀረበችው የተጠና ታሪክ ነው። ስትቋረጥ መቀጠል አቅቷት እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራለች። ስለ ባሏ ስትጠየቅ መልስ የላትም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከሌሎች አመልካቾችም ቃል በቃል ተሰምቷል።

ቃል በቃል። ጆሮዬ ጋለ።

ጠበቃው ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። "ደላሎች ናቸው! ታሪክ እየሸጡ የሰው ሕይወት ያበላሻሉ! አይመስልዎትም ቲቸር?"

እኔ ምን አልኩ? "ይሆናል" አልኩ። ይሆናል! 'ማነው የረበሸው? ተነሥና እመን!' እያልኩ ክፍል ውስጥ የሰው ልጅ ሳሳቅቅ የኖርኩ ሴትዮ... ይሆናል።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ጠበቃው አስጠራት። እኔም እዚያው ነኝ፣ ወንበሯን ያመጣሁላት ራሴ።

"ማነው ያስጠናሽ? አትፍሪ። ካልነገርሽኝ ይግባኙ ላይ ምን ብዬ ልከራከር?"

ቀና ብላ አየችኝ። ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

"ማንም። እኔው ነኝ። እንዳልሳሳት ብዬ።"

"እቺ የእንቅልፏ ነገርስ?"

"ከሰው ሰምቼ።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ስትወጣ ተከትዬ በረንዳው ላይ ደረስኩባት። "ለምን እንደዚያ አልሽ?" አልኳት። ራሴ ዝም ብዬ እሷን ለምን እላለሁ... አያድርስ ነው።

"እርስዎን ቢያባርሩብኝስ? ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?"

እኔ ደግሞ አዝናልኝ መስሎኝ ነበር። ፈርታ ነው። የጎዳኋት እኔ፣ የምትለምነውም እኔኑ።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ነገርኩት። በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ።

"ደላላው እኔ ነኝ።"

ሊስቅ ነበር። ፊቴን ሲያይ ተወው።

"ለሌሎቹም ያቺን ዓረፍተ ነገር..."

"ለሁሉም።"

ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ቢጮህብኝ ምናለ? አልጮኸም። "ቲቸር፣ ይህንን ይግባኝ ሰሚዎቹ ፊት ከተናገሩ ከዚህ ቢሮ የወጣን ቃል ከእንግዲህ ማን ያምናል?"

"ካልተናገርኩስ?"

"ትመለሳለቻ።"

ከዚያ "ይናገራሉ?" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። "እናገራለሁ" አልኩት።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እህቴ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል አልሰማሽም?" አለችኝ። የምታጽናናኝ መስሏት። ልብስ ሰፊዋ እስኪያድር የምትጠብቅበት ጊዜ የት አላት?

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ጠባብ ክፍል። ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ። የወንበር መደገፊያ ይዤ ቆምኩ። ዕድሜ ልኬን ሰው ፊት ቆሜ የኖርኩ ሰው!

"ያ አነጋገር የሷ አይደለም፣ የኔ ነው" አልኩ። "መጀመሪያ ስትነግረኝ እንዲህ አልነበረም። ቆረጥኩት፣ ደረደርኩት፣ አስጠናኋት። የእንቅልፉንም እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "አስተማሪ ነዎት?"

"ነበርኩ።"

"ይህንን ለስንት ሰው አድርገዋል?"

"ለመጣልኝ ሁሉ።"

ያ ቃለ መጠይቁን ያደረገው ባለሥልጣን እዚያው ነበር። በንዴት አላየኝም። እንደ አንዲት ምስኪን ባልቴት ቆጥሮ አዘነልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን እንደደፋች ቀረች፣ እጇ መቀመጫዋ ሥር።

ከእንግዲህ ማንንም አላዘጋጅም። ጠበቃው አላለኝም፣ ራሴ ነኝ ያልኩት። "ጥሩ" ብቻ አለኝ፣ ቶሎ ብሎ። የሚጠብቁትን ሁሉ እሱ እንደ አዲስ ይሰማቸዋል። እኔ በር ላይ ወረፋ አስይዛለሁ፣ ባልዲውን እደፋለሁ። አይጎድልብኝም።

ጥር 10፣ ዓርብ

ተፈቀደላት!!

የከለከሏት ታሪኩ የተጠና ነው ብለው ብቻ ነበር፤ ያ ምክንያት ሲወገድ ሌላው ማስረጃዋ ሁሉ ያዘላት። ጠበቃው ብድግ ብሎ አቀፈኝ። ወዲያው የሌሎቹ ጉዳይ ትዝ አለውና እጁን ሰበሰበ። እኔም ትዝ አለኝ። ሁለታችንም የምናደርገው ጠፋን።

ጥር 15፣ ረቡዕ

ወረቀቷን ልትወስድ መጣች። ፊቷ ሞላ ብሏል። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ በደንብ፣ ምን እንዳደረግኩ እየዘረዘርኩ። "ይተዉት እትዬ፣ አለፈ" አለች። ግን አልተነሳችም። የቦርሳዋን ማንገቻ ስታፍተለትል ቆየች።

"ትናንት ልጄ ስለ አባቷ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ምን እንደሆነ። እስከዛሬ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።"

"ነገርሻት?"

"አፌን ስከፍት እርስዎ ያስጠኑኝ ወጣ። ከቀኑ ጀምሬ... አወረድኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና 'እማዬ፣ ይሄ እኮ ለቢሮው ነው። የኛውን ንገሪኝ' አለችኝ።"

"ታዲያ?"

"ፈለግኩት እትዬ። ያኛው ይቀድመኛል። በጀመርኩት ቁጥር ያኛው ይቀድመኛል።" አላለቀሰችም። ብታለቅስ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። "ሳይቆረጥ የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። አባቷ እንዴት እንደነበረ፣ ሁሉን አውርቼልዎታለሁ። አንድ ቀን ቤት ይምጡና ለልጄ ይንገሩልኝ።"

እሺ አልኳት። ምን ልበል? ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ከወጣች ጀምሮ ለማስታወስ እሞክራለሁ። የሰውየው ቀልድ ምን ነበር? ጎረቤቷስ ምን አለቻት? ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እየሳቀች፣ እጇን እያወናጨፈች ይታየኛል። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። የምትለው ግን የለም... አልሰማኋትም እኮ። እኔ ያኔ ቀኑን እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።