ሳያስፈልግ የተገዛ ሻማ

ጥቅምት 9፣ 1997
ፎቶ ቤት ሙሉ ቀን ጉርድ ፎቶ ስቆርጥ ዋልኩ። ጣቴ ተላጠ። ከሥራ በኋላ አዲስ ከተማ፣ የአምሳሉ ኪራይ ቤት። ሐምሌ ላይ ቀለበት ካሰርን ወዲህ ኮንዶም ትቷል። ዛሬ አነሳሁበት።

"ሽማግሌ ልኬ፣ ቀለበት አስሬ፣ ኮንዶም? ትጠረጥሪኛለሽ እንዴ?"

"አይ" አልኩ። ለምን? "አንቺስ የት ለመድሽው?" እንዳይለኝ ፈርቼ... እንጂማ እጠረጥረዋለሁ።

ጥቅምት 13
ራሴ ልገዛ ሰፈር ጋሽ ጠሀ ሱቅ ሄድኩ። ኮንዶሙ ባትሪው አጠገብ ተደርድሯል። ግን እኮ እናቴ አዝላኝ ከምትሄድበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሰው ናቸው። ሞዴስ እንኳ ስገዛ ሳልጠይቃቸው በጋዜጣ ጠቅልለው ነው የሚሰጡኝ። ሰፈሩ ደግሞ ጋዜጣውን ሲያይ ውስጡን ያውቃል።

"ምን ልስጥሽ ልጄ?"

"ሻማ።" ዛሬም ሻማ! እማዬ ሻማ የሞላውን መሳቢያ ከፍታ "መብራት ሊጠፋ ነው ያለሽ ሰው አለ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ጥቅምት 18
የአምሳሉን ጃኬት ቁልፍ ልተክልለት ወስጄ ነበር። የውስጥ ኪሱ ውስጥ ኮንዶም... ፓኬቱ ተከፍቷል። አንዱ የለም። ከኔ ጋር አይጠቀምም። ታዲያ ከማን ጋር?

ጥቅምት 19
ለናዲያ ነገርኳት፤ ፎቶ ቤት አብራኝ ነው የምትሠራው። "ጠይቂው" አለችኝ።

"ምን ፈልገሽ ኪሴ ገባሽ ቢለኝስ?"

"ይበልሻ።"

ጠየቅኩት። "የድሮ ነው፣ ያኔ የተረፈን" አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። እሺ አልኩ። ደግሞ እሺ! ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የመጣልኝ... ጃኬቱን ለእንቁጣጣሽ ነው የገዛነው፣ ኮንዶም ከተወ በኋላ። ፒያሳ፣ አብረን። እኔው ነኝ የመረጥኩለት።

ጥቅምት 22
ጋሽ ጠሀ ሱቅ ሁለት የሰፈር ሴቶች ቆመው ነበር። "ኮንዶም ይስጡኝ" አልኩ። እሳቸው ጋዜጣ ሲያነሱ "አይጠቅልሉት" አልኳቸው። ሴቶቹ ተያዩ። ይተያዩ።

ወስጄ የአምሳሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

"ለማን ነው?"

"ለኔ። ነገ አብረን ኤችአይቪ እንመረመራለን። እስከዚያ በዚህ፣ ካልሆነ ግን አትነካኝም።"

"አታምኚኝም ማለት ነው?"

"አላምንህም። ጃኬቱን የገዛነው ለእንቁጣጣሽ ነው።"

ነገ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። እኔ እሄዳለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ ያለውን ሳስበው ፈራሁ... በጣም ፈራሁ።

ማምሻውን እውነትም መብራት ጠፋ። እማዬ ሻማ ለኩሳ አየችኝ። "ይሄን ሁሉ ሻማ ለምን ገዛሽ?"

ነገርኳት።