የአባቴ ሱቅ ቀኝ መቃን

ሰኞ፣ ጥር ፲፭

እሺ አልኩት። ምን ነካኝ! ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ወልዴ ትናንት ከእንጦጦ መጣ፤ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ «የአባታችንን ሱቅ አፍርሼ እንጨቱን እወስዳለሁ» አለኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሺ።

እናታችን ጠበል ናት። ዓይኗ ከጠፋ ሦስት ዓመቷ፤ «እስከ ማርያም ድረስ ልጠመቅ» ብላ ጎረቤታችን እየመራቻት ወረደች። «እሷ ሳትመጣ ይለቅ፤ ስታየው እንዳ...» ብሎ ጋሼ ዝም አለ። እንደማታይ ትዝ ብሎት ነው።

እውነቱን ልጻፍ፣ የሱም ነገር ሐሰት አይደለም። የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ አንኮበር ገዢ የለም። ከቆላ የሚመጣው ጨውና በርበሬ በራችን ላይ ሳይቆም ያልፋል። እዚያ ደግሞ እንደ ሱቃችን ያለ ጥድ ቢፈልጉት አይገኝም አሉ። ቤቱን አይነካውም፤ የሚወስደው ሱቁን ብቻ ነው።

እናቴ ግን ስትወርድ «ዓይኔ ቢበራልኝ መጀመሪያ የማየው የሱቁን በር ነው» ብላኛለች። ይህን ለጋሼ አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፮

ጋሼ ያመጣቸው ሰዎች የሳሩን ክዳን አወረዱት። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ነው ያለው፤ ስጽፍም ያስነጥሰኛል።

አባቴ ይህን ሱቅ ወደ መንገዱ አውጥቶ ከክቡ ቤታችን ላይ ሲቀጥለው፣ «ክብ ላይ አራት ማዕዘን!» ብሎ ያልሳቀ ሰው አልነበረም አሉ። በሩንም በራሱ ቁመት ልክ ሠራው፤ አጭር ሰው ነበር። የገባ ሁሉ ግንባሩን እየተመታ ጎንበስ ማለት ተማረ። «ሹሙም መኳንንቱም እጅ የሚነሳው ለኔ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

ቀኝ መቃኑ ላይ ሁለት ጭረት አለ። ሸማ ሲለካ «ክንድህ አጠረ» እያሉ ስለሚነታረኩት፣ አንድ ቀን የሰፈሩን ረጅም ሰው ጠርቶ ክንዱን መቃኑ ላይ አስደገፈና ከክርኑና ከጣቱ ጫፍ ትይዩ ቀረጸው። ከዚያ ወዲያ ክርክር ቀረ። እናቴ ዓይኗ ከጠፋ ጀምሮ በየጠዋቱ ያንን ጭረት ዳስሳ ነው የምትወጣው።

ረቡዕ፣ ጥር ፲፯

ምነው እጄን በቆረጠው!

ሱቁን ከአባቴ ጋር የሠራው ሽማግሌ አናጢ፣ አያ ተሰማ፣ በከዘራ እየተደገፈ መጣ። ቀና ብሎ አየና «ይህን ረጅም አግዳሚ እንዳትነኩት። ግድግዳውን አልፎ ከቤቱ ምሰሶ ጋር በጠፍር ታስሯል። አንዱ ያለ አንዱ አይቆምም» አለ። ጋሼ ወልዴ ሳቀ። «አያ፣ አንድ ጠፍር ቤት ይጥላል?» አለው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ፤ አንድ ቃል እየጠበቀ ነበር። እኔ ዝም።

ጠፍሩን እኔው ነኝ የቆረጥኩት፤ ጋሼ ቢላዋውን ሰጠኝና። ምሰሶው ሲንቋቋ ሰማሁ። ቤቱ ወደ መንገዱ ዘመመ።

ሐሙስ፣ ጥር ፲፰

ጊዮርጊስ ነው፤ ሥራ የለም። ቤቱ ብቻ ነው ሲንቋቋ የዋለው።

የእናቴ መደብ አፈር ለብሷል። የጓዳው በር አልገጥም አለ። በሱቁ በኩል ያለው ግድግዳ እጅ የሚያስገባ ተሰነጠቀ፤ ብርዱ በዚያ ይገባል።

ጋሼ ወልዴን ጣራ በሌለው ሱቅ ውስጥ፣ አባቴ ሸማ በሚዘረጋበት የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ትንሽ ሆኜ እዚህ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ልቆጣው ነበር የመጣሁት፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ጥር ፲፱

ጋሼ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ተወልን፤ አያ ተሰማ በነሱ ምሰሶውን ደገፈው። «ለጊዜው አይወድቅም፤ ግን አይቃናም» አለ።

የቀረውን ሰዎቹ ተሸክመው ሄዱ። ጋሼ «አንዱ መቃንስ?» ሲለኝ «ምስጥ በልቶት ማገዶ ሆነ» አልኩት። ጭዱ ሥር ደብቄው ነበር! ጭዱን አየ፣ እኔን አየ፣ በቅሎውን ጫነ። እናቱን ግን ሳይጠብቅ ሄደ። «አንተ ንገርልኝ» አለ። እንዴት ብዬ?

እሑድ፣ ጥር ፳፩

መጣች። ዓይኗ አልበራም።

ጎረቤታችንን መንገዱ ላይ አሰናብታ ብቻዋን መጣች፤ ከመንገዱ እስከ በሩ እርምጃዋን ታውቀዋለች። ደፉ የነበረበት ስትደርስ ጎንበስ አለች። ምንም በሌለበት ጎንበስ አለች፣ እግዚኦ! ከዚያ ቀኝ እጇን ዘረጋች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«በሩ የታለ?»

እግሯ ሥር ወድቄ ሁሉንም ነገርኳት። እሺ ማለቴን፣ ጠፍሩን፣ ዝምታዬን። አልጮኸችም። «እንዳላዝን ብላችሁ ነው?» አለች። «ማየቱንስ አላይም። እንድዳስሰው እንኳ ብትጠብቁኝ ምን ነበረበት? አባታችሁን ስንቀብር እንኳ ፊቱን ዳስሼ ነው የተሰናበትኩት።»

ደጃፉ ላይ አስቀመጥኳት። መቃኑን ከጭዱ አውጥቼ ጭኗ ላይ አጋደምኩላት። ጭረቱን ፈልጋ አገኘችው፤ ክንዷን አስተኛችበት። እስኪመሽ አላነሳችውም።

ሰኞ፣ ጥር ፳፪

ጠዋት መቃኑን ድሮ ከነበረበት ጉድጓድ መልሼ ተከልኩት። ግድግዳ የለው፣ ጉበን የለው፣ ብቻውን። አላፊ አግዳሚው አብዷል ይበለኝ።

ምሰሶው እስከ ክረምት ይቆም እንደሆን አላውቅም። አያ ተሰማም አያውቅም።

እናቴ ፀሐይ ልትሞቅ ወጣች። ጭረቱን ዳሰሰች፣ ጎንበስ አለች፣ አለፈች። «አንተስ?» አለችኝ ሳትዞር።

ጎንበስ ብዬ ተከተልኳት።