በበቅሎ የተጓዘው የድምፅ ሳጥን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ይስማው፤ ጁባ።

እንዴት ከረሙ ጋሼ? ያገሩ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ያ የጎንዎ ውጋት ለቀቀዎ ወይስ አሁንም ከመኪና ስር በወጡ ቁጥር ወገብዎን ይዘው ይቆማሉ? ጋራዡስ ሥራ አለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዲሱን ዓመት በሰላም ተቀብለናል። ጤፉ አረሙ ወጥቶለት ቆሟል፤ ውርጭ ካልመታው ዘንድሮ አያሳፍረንም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ እንዳለ ነው፤ ትናንት እንኳ ስትቆጣ ውላለች።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ላስረዳዎ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ዘጉብኝ። ወረቀት አይዘጋም። ይታያል የሚባለው ሹፌር ጭነት ይዞ ወደዚያ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ ቆጣ ቢሉ እንኳ እስከ መጨረሻው አንብበው ይቆጡ።

እርስዎ ዳኛ ፍሥሐ ሀገር ከድቷል ብለው በፌስቡክ ጽፈዋል። መቼም ከጁባ ሆኖ ሲያዩት እንዲያ ይመስላል። እኔ ግን የነበርኩበትን ልንገርዎ።

በሰኔው ምርጫ የጣቢያችን ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ጣቢያው የማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይሆናል። በዋዜማው የኔታ እንዳላማው አረፉ። እርስዎንም ፍሥሐንም ፊደል ያስቆጠሩ፣ ደብሩን በሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ከቀብራቸው ማን ይቀራል? ጠዋት በጊዜ የመጡ ሠላሳ አንድ ሰዎች መረጡና ወደ ለቅሶው ገሰገሱ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ውስጥ የቀረነው እኛና ዝንቦቹ ነን። የተመዘገበው ከአራት መቶ በላይ ነው። ቀብሩ አልቆ፣ እዝን ተበልቶ፣ ሰው ወደ እኛ እስኪወርድ ደግሞ ጣቢያው የሚዘጋበት ሰዓት ያልፋል።

እኔ ምን አደረግሁ? ሳጥኑን፣ ወረቀቱንና መዝገቡን በባለቤቴ በአንሙት በቅሎ አስጭኜ ወደ ለቅሶው ወሰድኩት። የሁለቱም ወገን ታዛቢዎች ይሁን ብለውኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዛፍ ስር አስቀመጥነው፤ ሕዝቡም እንባውን እየጠረገ መረጠ። ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሰው። ያን ቀን ራሴን እንዴት እንደወደድኩት ብነግርዎ ይስቃሉ።

ስንመለስ የተፎካካሪው ወገን ታዛቢ እዝን ሳልቀምስ ከየኔታ ለቅሶ አልወጣም ብሎ ቀረ። ወጉ ነው፤ ማን ይከለክለዋል? ሳጥኑ ግን ያን ሁሉ መንገድ በእኛው ወገን ዓይን ብቻ ተጓዘ። ቃለ ጉባኤውን ስሞላም ምርጫው በሰላም ተጠናቀቀ ብዬ ፈረምኩ። ስለ በቅሎዋ አንዲት ቃል አላሰፈርኩም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የእኛው እጩ አማረ በዚያ ድምፅ አሸነፈ፤ ተፎካካሪውም ከሰሰ። ጉዳዩ ሦስት ዳኞች ዘንድ ቀረበ፣ ሰብሳቢው ፍሥሐ ሆነ። የትውልድ መንደሬ ነውና የሚቃወመኝ አለ ወይ ብሎ ሁለቱንም ወገን ጠይቋል፤ የለም አሉት። የእኛዎቹማ የወንዛችን ልጅ ነው ብለው ደስታቸውን አልቻሉትም።

እኔ ለምስክርነት ተጠራሁ። ፍሥሐ ሳጥኑ ከጣቢያው ወጥቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጋሼ፣ በልጅነቴ በጀርባው አዝሎ ወንዝ ያሻገረኝ ሰው ፊት ቆሜ ልዋሽ አልቻልኩም፤ ልዋሽ አስቤም ነበር። ወጥቶ ነበር አልኩ። ሲመለስ ከሳጥኑ ጋር ማን ነበረ አለኝ፤ ነገርኩት። የጣቢያችን ድምፅ ተሰረዘ፣ በሌሎቹ ጣቢያዎች ድምፅ ተፎካካሪው ይመራ ነበርና የአማረም ወንበር አብሮ ሄደ።

ውሳኔውን አንብቤዋለሁ። ሕዝቡ አልሰረቀም ይላል፤ ነገር ግን በአንድ ወገን እጅ ብቻ መንገድ የሄደ ሳጥን ምን ይዞ እንደተመለሰ ፍርድ ቤት ሊያውቅ አይችልም ይላል። ድጋሚ ምርጫ ያልታዘዘበትን ምክንያት ግማሹን ተረድቼዋለሁ፤ ግማሹ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። የኔም ድምፅ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ያንገበግበኛል። ሀገር ከዳ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ እኔ ለደግ ብዬ ያወጣሁትን ሳጥን፣ ነገ ሌላው ለክፋት ያወጣዋል፤ እህታችሁ የብርጓል ስታደርገው ዝም ብላችኋል ቢለን ምን እንመልስለታለን? ፍሥሐ ለእኛ ቢያደላልን ኖሮ ደስ ይለን ነበር። ደስ ስላለን ግን ሀገር አይጠቀምም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ይስሙ። ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ስድቡ ግን ለአንዱ ብቻ፣ ከእሱም ይልቅ እዚሁ ላሉት ለእናቱ ለእማሆይ ወለተ ሐዋርያት ደረሰ። ለእኔ ሳጥኑን ስላመጣሁ ምስጋና፣ ለእሳቸው ፊት መንሳት። ችሎት የገባው ጥቂት ሰው ነውና ምን እንደመሰከርኩ መንደሩ አያውቅም። እኔም ምስጋናውን እየተቀበልኩ ከረምኩ።

መስከረም ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተረኛ እማሆይ ነበሩ። ጠላውን ጠምቀው፣ ድፎውን ጋግረው፣ ቤቱን ጎዝጉዘው ጠበቁ። የመጣነው የንስሐ አባታቸውና እኔ ብቻ ነን። ሠላሳ ሰው ያለበት ማኅበር! እማሆይ በሩን እያዩ ዝናቡ ይሆናል የያዛቸው አሉ። ዝናብ አልነበረም። ጽዋውን የሚረከበው ተረኛ ስላልመጣ ቄሱ ለእኔ አስረከቡኝ።

ቄሱ ከሄዱ በኋላ እማሆይ ስለ ልጃቸው በስልክ ተጽፏል ሲባል ሰምተው ኖሮ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ አንብቢልኝ አሉኝ። እምቢ ብል የባሰ ይመስላቸዋል ብዬ አነበብኩላቸው። የእርስዎን ነው ጋሼ። ወንበሩን ተማምኖ ሀገሩን የሸጠ፣ የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚለውን። እስከ መጨረሻው ሰሙና የማን ልጅ ነው የጻፈው ብለው ጠየቁኝ። አላውቀውም አልኳቸው።

ያን ቀን አፈርኩ። በማግስቱ እሁድ ሰንበቴው ላይ ተነሣሁና ሳጥኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የደበቅሁትም እኔ ነኝ፣ ፍርድ ቤት ቀርቤ እውነቱን የተናገርኩትም እኔው ነኝ፤ የምታኮርፉት ሰው ካለ ቤቴ ከወፍጮው አጠገብ ነው አልኩ። በኋላ አማረ፣ ወንበሩን ያጣው ራሱ ማለቴ ነው፣ ለመሆኑ ያን ቀን ሳጥኑ ባይመጣልን የየኔታን ቀብር ጥለን እንወርድ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። እንወርድ ነበር ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። አንዱ ሽማግሌ ብቻ እንግዲያው ምን ይሁን ትላላችሁ ብለው አጉረመረሙ።

ሁሉም ታረቀ ብዬ አልዋሽዎትም። ሰኞ ዕለት ሁለት ሴቶች እማሆይ ቤት ሄደው ቅራሪም ቢሆን ይቅዱልን ብለዋል። ሰላምታ የከለከሉኝም አሉ። ጥቅምት ሃያ አንድ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ ያን ጊዜ እናያለን። ጠላውን ለሠላሳ ሰው እጠምቃለሁ።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ጽሑፍ ያንሱት። አላነሳም ካሉ ደግሞ የፍሥሐን ስም ሰርዘው የኔን ይጻፉበት።

አንሙት ስለ በቅሎዋ እንዳይጠይቁት ይለምንዎታል፤ በየገበያው መቀለጃ ሆናለች። ልጆቼ ሔዋንና ዜማ አጎታችን መቼ ይመጣል ይላሉ። እማዬ ልብስ ደርብ ብላለች፤ ሙቀት ነው ብላት አትሰማም። እማሆይ ወለተ ሐዋርያትም ደብዳቤ እንደምጽፍልዎ ሲሰሙ፣ በሕፃንነቱ እናቱ ታማ ከፍሥሐ ጋር አንድ ጡት ያጠባሁት ልጄ ይስማው ደህና ነው ወይ፣ ሰላም በይልኝ ብለዋል። ያን ጽሑፍ ማን እንደጻፈው እስካሁን አልነገርኳቸውም።

እህትዎ የብርጓል
ደብረ ኤልያስ፣ መስከረም ፳፱ ቀን