ቀይዋን አልሸጥም

ጎንደር፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአባ ወልደ ገብርኤል፣ ካሉበት ገዳም

አባዬ፣

መነኩሴን በሥጋ ዝምድና መጥራት ነውር ነው ብለው አጎቴ አለቃ ህሩይ መክረውኛል። ፍትሐት ተደርጎልዎት፣ ለዓለም ሞተው፣ ቆብ ከደፉ በኋላ የማንም አባት አይደሉም አሉኝ። እሺ ብያቸዋለሁ። አሁንም አባዬ እልዎታለሁ፣ ከፈለጉ ይቆጡኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የላክሁልዎትን ቅባት ለሌላ መነኩሴ መስጠትዎን ሰምቻለሁ። ሌላ ልኬያለሁ፤ ይኼኛው ላይ ስምዎን ስለጻፍሁበት እንደ ፊተኛው በቀላሉ አይሰጥም። እኔ ደኅና ነኝ። መድኃኒት ቤቷም ደኅና ናት። ወንድሜ ክንዱ ትንሿን ልጁን ክርስትና አስነሥቷል፣ ጩኸቷ ከቅዳሴው በልጦ ነበር።

በአባ ዕንባቆም የላኩት ቃል ደርሶኛል። «ማኪናይቱን ሽጪ፣ አጎትሽን ታዘዥ» ነው ያሉት። አባዬ፣ አልሸጥም። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት እስከ ደብዳቤው መጨረሻ ልብዎ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ ነው። ምክንያቴን ግን ይስሙኝ፤ አለቃ ህሩይ የነገሩዎት ግማሹን ብቻ ነው።

ለእማዬ ሕክምና ብዬ የገዛኋትን አሮጌ ኮሮላ ያስታውሷታል። እማዬን ሆስፒታል አመላለስሁባት። ሙት ዓመቷ እንደወጣ እርስዎ ወደ ገዳም ገቡ፣ እኔና ኮሮላዋ ቀረን። ከዚያ በኋላ የአክስቴ የየትነበርሽ ገብስ ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣው በእኔ ነው። የክንዱ አማቶች ለጥምቀት የሚመጡት በእኔ ነው። የደብሩ ከበሮ ቆዳው ሊለወጥ ሲሄድ በእኔ ነው። አንድ ፋሲካ የዘመድ በጎች ከኋላ ጭኜ ስመጣ አንደኛው መንገዱን ሙሉ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን እያየ መጣ፤ እስከ ዛሬ የሚያዝንልኝ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ «የምስጢር መኪና» ይላታል እንጂ ከእኔ በቀር ያላዘዘባት የለም። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ምን ሥራ አላት ነው ነገሩ። በአፋቸው አይሉትም። ስልክ ደውለው «አለሽ አይደል?» ብቻ ነው የሚሉት።

ቤዚ የምትባል ሙሽራ የምታስጌጥ ልጅ ለሰርግ ላከራያት ብላ ከአዲስ አበባ አንዲት ቀይ የእሽቅድምድም መኪና አስመጥታ ነበር። መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ። የጎንደር ሙሽራ ከነሚዜው ስንት ሆኖ እንደሚሄድ ቤዚ ያሰበችበት አልመሰለኝም። በመጀመሪያው ሰርግ የሙሽሪት ቬሎ ሁለቱንም ወንበር ሞላውና ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በሌላ መኪና ሄደ። ከዚያ ወዲያ የተከራያት የለም። መኪናዋ ከቤዚ ደጅ ቆማ አቧራ ስትጠጣ አየኋት፣ ኮሮላዋን ሸጥሁ፣ ገዛኋት። ማንንም አላማከርሁም። ማማከር የምፈልገው እርስዎን ነበር፣ እርስዎ ደግሞ አልነበሩም።

ምቾት የላትም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስቀመጥባት የምተያየው ከባጃጅ ጎማ ጋር ነው። የኮብልስቶኑ ድንጋይ አንድ በአንድ ወገቤ ውስጥ ይገባል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስደርስ በአግድም እየተንፏቀቅሁ አልፋለሁ፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋብኛል። ዝናብ ሲጥል በበሯ ታፈሳለች። ስወርድ መጀመሪያ እግሬን አወጣለሁ፣ ቀጥሎ በሩን ተደግፌ ራሴን እጎትታለሁ፤ የመድኃኒት ቤቱ ደንበኞች ቆመው ያዩኛል፣ ከዚያ ገብተው የወገብ መድኃኒት ሲጠይቁኝ ፈገግ ይላሉ።

ግን ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቻዬን ይዣት ወጣሁ። ኮሶዬን አልፌ ወገራ ሜዳ ላይ ስደርስ መንገዱ ባዶ ነበር፣ ገብሱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል። ነዳሁ። ማንም አልላከኝም። ማንም አልጠበቀኝም። የሚጫን ከረጢት የለም፣ ቢኖርም ቦታ የለውም። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ አባዬ። እማዬ ከታመመች ጀምሮ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። ወንጀሌ ይኸው ነው።

ጠቡ የተጀመረው በለቅሶ ነው። አምባ ጊዮርጊስ የአክስቴ የየትነበርሽ ጎረቤት ዐርፈው አለቃ ህሩይ ለፍትሐቱ ሲሄዱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ገና ከከተማ ሳይወጣ ቆመባቸው። ደወሉልኝ። «አንድ ሰው መጫን ያቅታታል ማኪናሽን?» አሉ። አያቅታትም፤ አለቃ ግን ጥምጥም አላቸው። ጥምጥማቸውን እርስዎ ያውቁታል። ጣሪያዋ አልቀበል አለው።

«አውልቀው ጭንዎ ላይ ይያዙት፣ አጎቴ» አልኋቸው።

«ሕዝብ እያየ ራሴን ገልጬ ልሂድ?» ብለው ተቆጡ። አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ተቀመጡ፣ መቋሚያቸው በመስኮት ወጣ፣ እንደዚያ ሆነን አምባ ጊዮርጊስ ገባን።

ስንደርስ አንገታቸው አልመለስ አለ። ሁለት ጎረምሶች ክንዳቸውን ይዘው ጎትተው አወጧቸውና አለቃ እንደተደፉ ቆሙ። ለቀስተኛው ይህን ሲያይ «አለቃ እንኳ እንዲህ ከሆኑማ!» ብሎ ደከም ብሎ የነበረውን ለቅሶ እንደ አዲስ አቀለጠው። አክስቴ የትነበርሽ እንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ ጠጋ አለችና «ምነው፣ አያ ህሩይ ሟቹን ይኸን ያህል ያውቋቸው ኖሯል?» አለችኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጨብጬ መሬት መሬት አየሁ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሰዎች «እሷም ሆደ ቡቡ ናት» ብለው አዘኑልኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አሁንም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

አለቃ ግን አልሳቁም። በሳምንቱ ቤተ ዘመዱን በእርስዎ ሳሎን ውስጥ ሰበሰቡት፣ አንገታቸው በጋቢ ተጠምጥሟል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሁለት ወንበር ያላት ማኪና ምን ማለት ናት? አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለቦርሳሽ። ዘመድ የት ይቀመጥ?»

ክንዱ ቀጠለ። «ሽጠሻት ሚኒባስ ግዢ። ለሰርጉም ለለቅሶውም ይሆነናል።»

«ማን ይነዳዋል?» አልሁት።

«አንቺ ነሻ!» አለ፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያየኝ።

አክስቴ የትነበርሽ ብቻ ልታግዘኝ ሞከረች። «ማኪናይቱስ ሸጋ ናት» አለች፤ ትንሽ አሰበችና ደግሞ፣ «ግን ገብሱሳ፣ ልጄ?»

እሺ አልኋቸው። አዎ፣ እሺ ብዬ ነበር። ክርክር ሰልችቶኝ ነበር፣ ወገቤም ያመኝ ነበር፤ ምናልባት እውነትም አብጄ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ክንዱ ገዢ አገኘ፣ ቅዳሜ ይመጣል ተባለ። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን ከእርስዎ አፍ ልስማ ብዬ መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ወደ እርስዎ ተነሣሁ።

ደባርቅ አድሬ ሊማሊሞን ወረድሁ። ሾፌር ሁሉ የሚፈራውን ቁልቁለት እሷ እንደ ጨዋታ ነው የወረደችው፤ ዝቅ ማለቷ ለምን እንደሆነ እዚያ ላይ ነው የሚገባ። ድብ ባሕር ሻይ ልጠጣ ስቆም ሰዉ ከበባትና አንድ ሽማግሌ «ይኸ ነገር ቁጭ ተብሎ ነው ተተኝቶ የሚነዳው?» ብለው ጠየቁኝ። አዲ አርቃይን አልፌ አስፋልቱን ለቀቅሁ። ሆዷን ድንጋይ እየፋቃት፣ እኔም ለእያንዳንዱ ድንጋይ ይቅርታ እየጠየቅኋት፣ ሴት እስከምትደርስበት ዋርካ ድረስ ወሰድኋት። ወደ ላይ ለሚወጡ መነኮሳት ስሜን ነግሬ ላክሁና ኮፈኗ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ አባ ዕንባቆም ብቻቸውን ወረዱ። «አባ ወልደ ገብርኤል መውረድ አይሆንላቸውም» አሉኝና ቃልዎን ነገሩኝ። ሽጪ። አጎትሽን ታዘዥ።

በጣም ተናደድሁ፣ አባዬ። የመጣሁትን መንገድ ያህል ተናደድሁ። እርስዎ ሞቅ ያለ አልጋዎን ትተው ድንጋይ ላይ አጎዛ አንጥፈው ይተኛሉ። ጥሬ ይቆረጥማሉ። ጉልበትዎ እያመመዎት ሌሊቱን ቆመው ያድራሉ። ማን ቀማዎት ምቾትዎን? ማንም። እርስዎ ነዎት የተዉት፣ ነፍስዎ የፈለገችው ስለሆነ። ሲሄዱ ቤተ ዘመዱ ተሰልፎ ጉልበትዎን ሳመ። እኔ የማይመች ወንበር ብመርጥ ሽማግሌ ተቀመጠብኝ። የእርስዎ ጽድቅ፣ የእኔ ዕብደት ሆነ። መኪናዬን ከምንኩስና ጋር አነጻጸረች ብለው ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። እርስዎ ሲሄዱ ገብሱን ማን ያምጣ፣ አማቶቹን ማን ያመላልስ ብሎ የጠየቀዎት አልነበረም። የሚያመጣ ነበረና ነው። እኔ ነበርሁ። ልሂድ ሲሉም ይሂዱ ያልሁዎት እኔ ነኝ፣ ስንቅዎንም ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ በር ላይ አላለቀስሁም፣ እንዲከብድዎት አልፈለግሁም። ከሄዱ በኋላ ግን በጣም አለቀስሁ። አሁን ይወቁት።

ይህን ሁሉ ለአባ ዕንባቆም ልናገር አፌን ከፍቼ ሽበታቸውን አይቼ ተውሁት። በረከታቸውን ተቀብዬ ልሄድ ስነሣ እንዲህ አሉኝ፦

«በይ ቶሎ ሂጂላቸው እባክሽ። ከቅዳሴ እንደወጡ አፋፉ ላይ ቆመው ነው የዋሉት፣ እህል አልቀመሱም። ‹ቀይዋ አለች? አልሄደችም?› እያሉ እኔንም አስጨነቁኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰው አይለዩም፤ ቀለሟን ግን ያያሉ። ያን ሰሞን ወንድምሽ ነጭ ሚኒባስ ተከራይቶ መጥቶ ሲመለስ እኮ የማን እንደሆነ ሳይለዩት ነው የሄደ። እንዴት አዘኑ መሰለሽ።»

ይህን ብለው ደነገጡ። እንዳይነግሩኝ ያስጠነቀቋቸው ይመስለኛል። አይቆጧቸው፤ እኒያ ሰው መደበቅ አልተፈጠረላቸውም። ቀና ብዬ አፋፉን አየሁት። ፀሐዩ ፊት ለፊቴ ስለነበረ ምንም አልታየኝም። ቢሆንም እርስዎ እንዲያዩኝ ብዬ ትንሽ ቆምሁ። ከዚያ ለመሄድ ሦስት ጊዜ ሞተሯን አስነሥቼ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። ክንዱና አለቃ ህሩይ አብረውት መጡ። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አያት፣ ገብቶ ተቀመጠ፣ ወገቡን ይዞ ወጣ፣ ቢሆንም እገዛለሁ አለ። እኔ ግን አልሸጥም አልሁ። ክንዱ ጮኸ። አለቃ «አባትሽ ያሉትን ሰምተሻል!» አሉኝ። «ሰምቻለሁ» አልኋቸው፣ «እርስዎ ከሰሙት የበለጠ ሰምቻለሁ።» ነጠላቸውን አጣፍተው ሳይሰናበቱኝ ወጡ። የአክስቴ ገብስ በአውቶቡስ መጥቷል፤ ከረጢቱ ሳይቀደድ፣ ፍሬው ሳይፈስ። አማቶቹም የሚሄዱበት መድረሳቸው አልቀረም። እኔም መድኃኒት ቤቴን ዘግቼ ስወጣ ስልኬ ዝም ይላል፣ መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ስለዚህ አባዬ፣ በአፍዎ ሽጪ ብለዋል፣ እግርዎ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እኔ የታዘዝሁት እግርዎን ነው። ጨዋ ሚኒባስ ገዝቼ ብመጣ ለእርስዎ ከመንገደኛው ሁሉ አንዷ ነኝ። ወገቤን ትስበረው እንጂ እንደዚያ ሆኜ አልመጣም።

ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ መንገዱ ከፈቀደ፣ በእሑድ እመጣለሁ። ሕጉን አውቃለሁ፣ ይውረዱ አልልም፣ እጅዎን ያውለብልቡልኝም አልልም። እስከዚያው ጸሎትዎ አይለየኝ፤ ለእማዬም ሲጸልዩ የእኔን ስም ከእሷ ስም አጠገብ ያድርጉት። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ የዓይንዎንም ብርሃን ያቆይልዎ። ስመጣ አባ ዕንባቆም እጅዎን ይያዙዎት። ወደ አፋፉ ጫፍ ግን አይጠጉ፣ አባዬ፤ ቀይ ናት፣ ከሩቅም ትታያለች።

ልጅዎ
ምስጢር