የታም ጥያቄ

ለተወደድሽው ታናሽ እህቴ ለኡት፤

እንደምን ከርመሻል? የታይዋን ብርድ እንዴት ይዞሻል? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስትሠሪ የሚያብጠው እግርሽስ ተሻለው? በስልክ ስጠይቅሽ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ስለምትይ፣ በወረቀት ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኝ ይሆናል ብዬ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ፣ ዛሬም ከጀልባ ወደ ጀልባ ስትሻገር የሰው እጅ አልይዝም ትላለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ወሬውን ወደ ሸርጣን ዋጋ አዞርኩት። ወረቀት ላይ ግን መሸሻ የለም።

ከቴት፣ ከአዲስ ዓመታችን በዓል ወዲህ በየኩሬው ሸርጣኖች እየሞቱ ነው። ላዩ ጤነኛ ይመስላል፤ ሆዱን በአውራ ጣት ጫን ሲያደርጉት ግን ውሃ ብቻ ይወጣዋል። ጎረቤታችን አክስት ቢን ኩሬዋን ሁለት ጊዜ አድርቃ፣ ኖራ በትና፣ እንደገና ሞላችው። ሦስተኛውን አልሞከረችም፤ ከባሏ ጋር ቤታቸውን ዘግተው ለፋብሪካ ሥራ ወደ ከተማ ሄዱ። ባለፈው ወር አንድ ባለሙያ ከላይ ተልኮ መጣና ውሃውን በጠርሙስ ቀዳ። ከዚያ ሰብስቦን፣ በፊት ውሃው እንዴት ነበር፣ በዚህ ወር የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ስንት የሸርጣን እጭ ይዞ ይገባ ነበር ብሎ ጠየቀ። አንድም ሰው መልስ አልነበረውም። ጤናማው ምን ይመስል እንደነበር ካልታወቀ፣ የታመመው መቼና ከምን እንደታመመ ማወቅ ይከብደኛል አለን። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ያ መምህር ሎክ የሚባለው ሰውዬ ይህንኑ ልቁጠር ብሎ መንግሥትን ገንዘብ ጠይቆ አልነበረም ወይ ሲል፣ እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

መምህርሽን ሎክን ገንዘቡን የከለከለውን ሰው ስታወሪ አንድም ቀን ስሙን ጠርተሽ አታውቂም፤ አታውቂውምና። ገንዘቡን የሚመድበው ኮሚቴ ስብሰባው ዝግ፣ የአባላቱም ስምና ነጥብ ምስጢር ስለሆነ፣ የሰማሽው አንድ ሸርጣን ነጋዴ ነው ያበላሸው የሚለውን ብቻ ነበር። «ሆድ እንጂ ጭንቅላት ያልፈጠረለት» ትይዋለሽ። እኔም በስልኩ ማዶ ሆኜ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው የትም አይጠፋም እልሻለሁ።

ያ ነጋዴ እኔ ነኝ፣ ኡት።

የዛሬ አራት ዓመት ነው። የመንግሥት ገንዘብ መና እንዳይቀር ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ ነጋዴ ይሁን ተባለና እኔን መረጡኝ። እህቴ ከመምህሩ ጋር ትሠራለችና ልውጣ ማለት ነበረብኝ፤ ለአንቺም ሳልነግርሽ ገባሁ። ያኔ አንቺ በየጨረቃው ሙላት ከማንግሮቩ ዛፍ ሥር ወገብሽ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተሽ በዚያ ስስ መረብ እጭ ስትለቅሚ፣ እኔ «የማይበላ ሸርጣን ነጋዴ» እያልኩ እቀልድብሽ ነበር። ማመልከቻው ሲመጣም ያየሁት በዚያው ዓይን ነው። ቅጹ ላይ «ውጤቱን የሚረከበው ማነው?» የሚል መስመር አለ። ሌሎቹ ሁሉ የኩባንያና የማኅበር ስም ደርድረዋል። ለሰባት ዓመት እጭ ልቁጠር ያለው መምህር ሎክ የጻፈው «ገና አላውቅም» ብሎ ነው።

እኔ ሆዱን በአውራ ጣቴ ጫን ሳላደርግ የገዛሁት ሸርጣን የለም። መምህሩንም እንደዚያው ጫን አደረግሁት። «መምህር፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ይህን ቁጥር ማን ይገዛዋል?» አልኩት። የኮሚቴው አባላት ሳቁ። እሱም በቅንነት፣ ማን እንደሚፈልገው አሁን ልናገር አልችልም አለ። ከመቶ ሠላሳ አንድ ሰጠሁት። ገንዘቡ ሸርጣን ቀቅሎ ለሚያሽገው ማሽን ሄደ፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ዕቃ አወጣለሁ ብሎ ነበርና። ለዚያ ማሽን ሸርጣን የማቀርበው እኔ እሆናለሁ የሚል ተስፋም ነበረኝ። ይህንንም እወቂው። ማሽኑ ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሟል። አንቺ ደግሞ ሥራው ስለቀረ በስድስተኛው ወር ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ታይዋን ሄድሽ።

የዕለት ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቂያለሽ። የዚያን ቀን ገጽ ገልጬ አየሁት። እንዲህ ይላል፦ «ስብሰባ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሁ፣ ሁሉም ወደዱልኝ። ምሳ የዓሣ ሾርባ፣ ትንሽ ኮምጥጦ ነበር።» ስለ አንቺ አንድ ቃል የለም።

ባለፈው እሑድ መምህር ሎክ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥቶ ዶሮ ያረባል። እኔ መሆኔን ሊነግሩት አላስፈለገም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩና። አራት ዓመት ሙሉ ያልነገረሽ፣ ወንድምሽን እንዳያሳጣሽ ብሎ ነው። ሻይ ቀዳልኝና ረጋ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ታም፣ አንተ ገዢ ያለውን ነገር ራስህ ትገዛዋለህ። የመንግሥት ገንዘብ የሚያስፈልገው፣ አንተ በገዛ ኪስህ ፈጽሞ ለማትከፍልበት ነገር ነው።» ከዚያ ኡት ታውቃለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አታውቅም አልኩት። «ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ትናንት የሆነው ነው። ኮሚቴው ስለ ሸርጣኑ በሽታ ሲሰበሰብ፣ ከአራት ዓመት በኋላ እኔንም እንደገና ጠራኝ። አንዲት ወጣት ተመራማሪ ውሃውን ለስምንት ዓመት ልከታተል ብላ አመልክታለች፤ በሌላ በኩል በአሥራ ሁለት ወር መድኃኒት አወጣለሁ የሚል ሰው አለ። ሊቀመንበሩ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ እስቲ «የታምን ጥያቄ» ልጠይቅሽ አላት። ለካ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚመጣው ሁሉ በስሜ ይጠይቁታል፤ ስንቱን እንደመለሱበት እንጃ። ተነስቼ ያ ጥያቄ ስህተት ነበር፣ ይቅር አልኩ። ምክንያቱን ሁሉ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ሳቀና «ጋሽ ታም፣ ያስተማርከንን አንተው ልታስረሳን ነው?» አለኝ። ለልጅቷ ዘጠና አምስት ሰጠኋት። በመጨረሻው ድምፅ አሰጣጥ ግን አራት ለሦስት ወደቀች። ስትወጣ አቃፊዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ የሄድሽ ዕለት ልክ እንደ አንቺ፣ ማንንም ሳታይ ነው የወጣችው።

ነይ አልልሽም፤ የምትመጪበት ሥራ የለም፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ይቅርታሽንም በዚህ ወረቀት አልጠይቅም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእኔ ተናደሽ ለእማማ መደወል እንዳታቆሚ። እሑድ እሑድ ከሰዓት ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቅሻለች። በዚያ ሰዓት እኔ ከቤት እወጣለሁ።

እማማ ጉንጭሽን ትስማለች፤ የምጽፈውን ስላላነበብኩላት ሰላምታ ብቻ መስሏታል። ባለቤቴ ሃኝ ሁሉን ታውቃለች፣ ከእሑድ ወዲህ ከእኔ ጋር ብዙም አታወራም፤ አንቺን ግን በጣም ናፍቃሻለች። ልጄ ሎአን ትምህርት ቤት ስለ እጭ ሥዕል ሥላ አክስቴ ትየው ብላለች፣ አብሬ ልኬዋለሁ። መምህር ሎክ ጤና ይስጥልኝ ብሏል፣ ሌላ አልጨመረም።

ወንድምሽ ታም

ራክ ኮክ ቦይ ዳር፣ ደቡብ ቬትናም
ኦክቶበር 12 ቀን 2019