የጉማራን ውኃ ልክ የጠበቁት አቶ ቢተው ባየህ (1948–2017 ዓ.ም.)

አቶ ቢተው ከአባታቸው ከአቶ ባየህ ዓለምነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ያየህ፣ ከወረታ ከተማ በስተደቡብ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ባለ መንደር መስከረም 9 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ወረታ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ሞፈር ጨበጡ፤ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ስማቸውን ያሳደጉትም ያስተማሩትም እርሳቸው ናቸው።

በ1969 ዓ.ም. የጉማራ ውኃ ልክ አንባቢ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራው ወንዙ ውስጥ የተተከለውን፣ ቁጥር የተጻፈበትን ብረት ጠዋትና ማታ እያዩ መመዝገብ ነው። በ1971 ዓ.ም. ወይዘሮ አማከለች ተሰማን አግብተው ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው ምጥ ባለቤታቸውን በያዘበት ሰዓት እንኳ “ቁጥሩን አይቼ ልምጣ” ብለው ወንዝ መውረዳቸውን ወይዘሮ አማከለች እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም።

በክረምት ነጭ ዓሣ ከጣና ወጥቶ በጉማራ ሽቅብ ይሄዳል፤ ጠጠራማው ስፍራ ላይ እንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል። ግልገሉ ግን ወደ ሐይቁ የሚወርደው ውኃው መጉደል ሲጀምር ነው። የመስኖ ሽንኩርት ከተስፋፋ ወዲህ ፓምፑ ከግራ ከቀኝ እየሳበ ወንዙ ይቆራረጥ ጀመር። በ2005 ዓ.ም. በደረቀው የወንዙ መሻገሪያ ላይ ያለቀውን ግልገል አቶ ቢተው በአካፋ ሲዝቁ ዋሉ፤ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም።

የወረታዋ ተወላጅ የዓሣ ባለሙያ ወይዘሪት ሀዲያ ሳልህ የአቶ ቢተውን የዓመታት መዝገብ ፍለጋ የመጡት ያኔ ነው። ሁለቱ ሁለት በጋ ሙሉ ወንዙን ወጥተው ወርደው፣ ግልገሉ ጀርባው ሳይታይ መሻገሪያውን የሚያልፍበትን ልክ ለዩ፤ አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆነ። መስኖ ተጠቃሚውም ተሰብስቦ መከረ፤ ውኃው ከዚያ በታች ከወረደ ግልገሉ እስኪያልፍ ማንም ፓምፕ እንዳያስነሣ ተስማማ። ብረቱም ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ።

የ2007 ዓ.ም. ክረምት ቀድሞ ወጣ። ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ውኃው ሠላሳ ስምንት ላይ ወረደ። አቶ ቢተው አስቀድመው የራሳቸውን ፓምፕ ከወንዙ አወጡ፤ ጎረቤቱም እያጉረመረመ አወጣ። የአቶ ስማቸው ሁለት ጥማድ ሽንኩርት ግን ገና ራስ መቋጠር መጀመሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን አቶ ስማቸው ምሣር ይዘው፣ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች አስከትለው መጡ። ብረቱ ከሌለ ልክ የሚባል ነገር አይኖርም ባይ ናቸው። አቶ ቢተው ውኃው ውስጥ ገብተው ብረቱን ተደግፈው ቆሙ።

“ጋሼ፣ ካንተ ዓሣ የኔ ልጆች ያንሳሉ? ዞር በል!” አሉ አቶ ስማቸው።

“ብረቱን ብትጥለው ውኃው አይጨምርም፣ ስማቸው። ከጣልኸውም በኔ ጀምር” አሉ አቶ ቢተው።

“አያደርገውም ብለህ ነው?”

“እንጃ። እኔ ግን አልወጣም።”

ምሣሩ ተነሣ። አቶ ስማቸው ወረወሩት፤ ከወንድማቸው እግር አንድ ክንድ ርቆ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ዘወር ብለው ሳያዩ ሄዱ።

ፓምፖቹ ዐሥራ አንድ ቀን ዝም አሉ። ውኃው ከምልክቱ በላይ ተመለሰ፤ ግልገሉም እንደ ደመና ጥላ ሆኖ መሻገሪያውን አለፈ። ወይዘሪት ሀዲያ በደስታ እልል ሲሉ አቶ ቢተው አብረው አላሉም። የጠወለገው የወንድማቸው ሽንኩርት ከቆሙበት ይታይ ነበር።

የሩዛቸውን እኩሌታ ጭነው ላኩላቸው፤ አቶ ስማቸው ሳያወርዱ መለሱት። በቀጣዩ ዓመት አቶ ቢተው በመስኖ ተጠቃሚው ጉባኤ ፊት ቆመው፣ “ልኩ ትክክል ነው፤ መንገዳችን ግን ሸክሙን አንድ ሰው ላይ ጣለ” አሉ። ከዚያ ወዲህ ውኃው ገና ሳይጎድል ፓምፕ የሚሠራው በተራ ነው፤ የሚተከለውም ሽንኩርት በመጠን ሆኗል። አቶ ስማቸው ግን ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ እንኳ ሳይመጡ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

አቶ ቢተው በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። በጥር 2017 ዓ.ም. አቶ ስማቸው ሳይጠሩ መጥተው ከአልጋቸው ግርጌ ቆሙ።

“ፈርጄብህ ነበር፣ ጋሼ። አልዋሽህም” አሉ።

“መጥተሃል። ይበቃኛል።”

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያገላበጧቸውም፣ ያጎረሷቸውም አቶ ስማቸው ናቸው። አቶ ቢተው መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው፣ በወንድማቸው ክንድ ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ አማከለችን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍት ውኃ ዘንድ ያሳድርልን፤ ለቀረነውም ሳይመሽብን የምንታረቅበትን ልብ ይስጠን። አሜን።