የጋሼ ጓንጉል ምስክር

ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለናኢማ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምርልሽ አላውቅም። ብነግርሽም የምታምኚኝ አይመስለኝም፤ እኔ ራሴ ገና በደንብ አላመንኩም። ናኢማዬ፣ እኔ በቴሌቪዥን ወጥቻለሁ። አዎ፣ እኔ ሀፍሷ፣ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ጀርባ የምደበቀው። ሳቂ፣ ሳቂና ሲበቃሽ ማንበብሽን ቀጥዪ።

አሰላሙ አለይኩም እህቴ። ለመሆኑ አንቺስ እንዴት ነሽ? ያመኛል ያልሽው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የእመቤትሽ ሕፃን አሁንም ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? የጅዳን ሙቀትስ ለመድሽው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረን። እማ ጉልበቷን በጣም አሟት ነበር፣ አሁን ግን እስከ መሳለሚያ በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች። ፉርቃን ድምፁ ጎርንኗል። ታናሼ መሆኑን ረስቶ ሊቆጣኝ ይሞክራል።

ጋዜጠኛ ጓንጉልን መቼም አትረሺያቸውም። አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እሳቸው በቴሌቪዥን ብቅ ሲሉ "ጸጥ በሉ፣ ሰውየው መጣ" ይለን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከግንባር አቧራ ለብሰው ሲናገሩ፣ ጎርፍ የመጣ ጊዜ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ ቆመው ሲያስረዱ አብረን አይተናል። ድርቅ ሆኖ ደግሞ ልጇን ካቀፈች እናት አጠገብ ቆመው እንባቸው የመጣ ቀን ትዝ ይልሻል? ዜና የሚያቀርብ ሰው አያለቅስም ብለው አለቆቻቸው ተቆጧቸው ተብሎ ተወርቶ ነበር። አባባ ግን "እሱ ካላለቀሰ ማን ሊያለቅስ ነው?" አለ።

የመርካቶ ሰው ያልረሳላቸው ሌላ ነገር አለ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቅቤ ውስጥ ሙዝ እየደባለቁ የሚሸጡ ሰዎችን አጋለጡ። ያጭበረበሩት ጥቂቶች ቢሆኑም ገዢው ከሁሉም ሸሸ፣ ንጹሕ ቅቤ የያዙትም ሳይሸጡ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ "ጓንጉል ሙዝ" የሚል ስም ወጣላቸው። ካሜራ ተከትሏቸው በመጡ ቁጥር ተሸካሚው ሁሉ "ሙዜ! ዛሬ ደግሞ ምን ልትልጥ መጣህ?" ይላቸዋል። እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለአረፋ ግቢያችን ባዶ እንደሚሆን ታውቂያለሽ፣ ሁሉም ሱቁን ቆልፎ አገሩ ይገባል። ዘንድሮ እኛ በእማ ጉልበት ምክንያት ቀረን። ከእኛ ሌላ የቀሩት ዘበኛው ጋሽ ጃፋር ብቻ ነበሩ። በዓሉ ባለፈ ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ ከጀርባችን ያለው የጨርቅ መጋዘን ተቃጠለ። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገባችን በሚሠራው አዲስ ሕንፃ ብረት ለመበየድ ብለው በጣራችን ላይ የጎተቱት ሽቦ አለ። እሱ ተንጣጥቶ ፍንጣሪው መጋዘኑ ሸራ ላይ ሲንጠባጠብ በዓይኔ አየሁ። ጮህኩ። ጋሽ ጃፋር ባልዲ ይዘው ሮጡ፣ እጃቸውም ተቃጠለ። ሲመሽ ግን የሕንፃው ባለቤት "ዘበኛው ከሰል አያይዞ ሻይ ሲያፈላ ነው ያነደደው" ብሎ ተናገረና ጋሽ ጃፋርን እጃቸው በፋሻ እንደታሰረ ፖሊስ ወሰዳቸው።

በነጋታው ጋሼ ጓንጉል መጡ። እኔ ጸጉሬን ታጥቤ ራሴን ሳልሸፍን ነበርኩ። ካሜራውን ሳይ ደንግጬ ገመድ ላይ የተሰጣ ሻሽ አነሳሁና ተጠቀለልኩ። ሻሹ የጎረቤታችን የእትዬ ፈሪዳ ነው። እሳቸው ሱቃቸውን ዘግተው ወራቤ ሄደዋል። ብታዪው! አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ላይ የጣዎስ ላባ አለበት። ከዱባይ ነው ያስመጡት፣ በመርካቶ ሁለተኛ የለውም።

መጀመሪያ ወደ መጋረጃዬ ልሸሽ ነበር። እማ "ያየሽውን ተናገሪ እንጂ፣ የጃፋር ልጆች አባታቸውን ይፈልጋሉ" አለችኝ። ጋሼ ጓንጉል ደግሞ "ጀርባሽን ስጪኝ፣ ፊትሽም ስምሽም እኔ ዘንድ ይቀራል" አሉኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ግድግዳ ሰውን አያይማ፣ ቀለለኝ። ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ፣ ድምፄን ቀይረው በዜና አቀረቡት።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ሰፈር ሰው የሚታወቀው በለበሰው ጨርቅ እንደሆነ አንቺም አትረሺውም። ጨርቅ ነጋዴው ሁሉ ሻሹን እንዳየ "ፈሪዳ ናት!" አለ። እትዬ ፈሪዳ ከወራቤ ሲመለሱ ገና ከመኪና ሳይወርዱ "ምስክር ሆንሽ አሉ!" ተባሉ። "እኔ? እኔ ወራቤ ክትፎ ስከትፍ ነበር!" ብለው ማሉ። እውነታቸውን ነው። የሕንፃው ባለቤት ይህን ሲሰማ "አላልኳችሁም? ጓንጉል ሴት ቀጥሮ፣ ሻሽ ጠቅልሎ ነው ያናገራት" አለ። ገበያው ሳቀ። የሙዝ ቅቤ ሲያጋልጥ ኖሮ እሱ ራሱ የሙዝ ምስክር አመጣ ተባለ። አለቆቻቸውም ነገሩ እስኪጣራ ዜና አያቅርቡ አሏቸው። ጋሽ ጃፋርም እዚያው ታስረው ቀሩ።

እኔስ? እኔ አፌን ዘጋሁ። የሕንፃውን ባለቤት ፈራሁ፣ እትዬ ፈሪዳን ፈራሁ፣ ከሁሉም በላይ የሰውን ዓይን ፈራሁ። እማ አልጨቀጨቀችኝም። "አንቺ ሳትፈቅጂ እኔ አልናገርም" አለችና ቆየት ብላ "ጃፋር ግን ናኢማንም አንቺንም እጃችሁን ይዞ መሳለሚያን ያሻገራችሁ ሰው ነው" አለችኝ። አንድ ቀን ደግሞ ጋሼ ጓንጉል በሱቆቹ መሃል ሲያልፉ ተያየን። ሰው እንዳይጠረጥር ብለው ጨርሶ እንደማያውቁኝ ሆነው አለፉ። ከኋላቸው "የሙዝ ምስክር!" እያሉ ይጮሁባቸዋል።

ባለፈው እሑድ ነጋዴዎቹ በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ፣ ጋሼ ጓንጉል በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቁ ተብሎ። አለቃቸውም መጥተዋል። እኔና እማ ከኋላ ቆመናል። የሕንፃው ባለቤት ተነሳና "እስቲ አቶ ጓንጉል፣ ምስክርዎን ወዲህ ይበሏት፤ ወይስ ተልጣ ተበላች?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ጓንጉል ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። "ምስክሬ አለች" አሉ። "ስሟን እንደማልናገር ቃል ሰጥቻታለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ነው የሸበትኩት፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ ስሟን ግን ከእኔ አትሰሙም።" ብለው ተቀመጡ።

እግሬ እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። እትዬ ፈሪዳ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ያው ሻሽ ትከሻቸው ላይ ነው። "እትዬ፣ ሻሽዎን ያውሱኝ" አልኳቸው። "አሁን? እዚህ?" አሉ፣ ግን ሰጡኝ። ተጠቀለልኩና መድረኩ ላይ ወጥቼ ለሕዝቡ ሁሉ ጀርባዬን ሰጠሁ። ፊቴን ብሰጥ ኖሮ አንድ ቃል አይወጣኝም ነበር። ግድግዳውን እያየሁ፣ ሽቦው እንደተንጣጣ፣ ፍንጣሪው ሸራው ላይ እንደወደቀ፣ ጋሽ ጃፋር ባልዲ ይዘው እንደሮጡ፣ በቴሌቪዥን ያልኩትን ሁሉ ደገምኩት።

ስጨርስ ሐጂ ሰላሁዲን፣ ጣቃ ጨርቅ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱና "ይቺው ናት!" አሉ። "በቴሌቪዥንም ላባው በግራ ትከሻዋ ነው የወረደው! ፈሪዳ በቀኝ ነው የምትጥለው! ምን ጋረደን እናንተ?" ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ። እትዬ ፈሪዳ ወደ መድረኩ መጥተው "አንቺ! ከገመዴ ላይ?" አሉኝ። "ይቅር ይበሉኝ እትዬ" አልኩ፣ አሁንም ግድግዳውን እያየሁ። "የምን ይቅርታ! በእኔ ሻሽ እኔ የማልደፍረውን ተናገርሽ!" ብለው እልልታውን አቀለጡት። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏቸው። የሕንፃው ባለቤት ወደ በሩ ሲያመራ መንገድ የሚለቅለት አጣ። እኔ ዞር ስል ጋሼ ጓንጉል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ዜና የሚያቀርብ ሰው አያለቅስም ያሉት አለቃም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

ከዚያ ፖሊስ እማ ባለችበት ቃሌን ተቀበለኝ፣ ብረት በያጆቹም ሽቦውን ማን እንዳስጎተታቸው ተናገሩ። ጋሽ ጃፋር ተፈቱ። ሠፈሩ ተሸክሞ ሊያስገባቸው ሲል "እጄ ነው እንጂ የተቃጠለው እግሬ መቼ ተቃጠለ!" እያሉ ሳቁ። ትናንት አርብ ደግሞ ጋሼ ጓንጉል ወደ ዜናቸው ተመለሱ። የግቢው ሰው እኛ ቤት ተጨናንቆ ያወራል። እሳቸው ብቅ ሲሉ ሳላስበው "ጸጥ በሉ፣ ሰውየው መጣ!" ብዬ ጮህኩ። እማ ዞር ብላ አየችኝ፣ ልክ የአባባ ድምፅ ነው አለች። ቅቤ ነጋዴዎቹ ለእርቅ ምን እንደላኩላቸው ገምቺ። አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ፣ "ይህኛው ያልተደባለቀ ነው" ብለው።

አሁን ጋሼ ጓንጉል ጡረታ ሊወጡ ነው። በሥራ ዘመናቸው ያዩትን የሚናገሩበት የመጨረሻ ፕሮግራም እያዘጋጁ ነው፣ ነገም ካሜራ ይዘው እኛ ግቢ ይመጣሉ። "ፊትሽን ብትሰጪኝ ደስ ይለኛል፣ ካልሆነ ጀርባሽም ያኮራኛል" አሉኝ። "ላስብበት" ብያቸው ነበር። የሚተላለፈው በመጋቢት መጨረሻ ነው፣ በሳተላይት ጅዳም ይታያል። ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ የሚመጣው የእትዬ ፈሪዳ ወንድም ሱፍያን ቀኑን ይነግርሻል።

እማ ግንባርሽን ትስማለች፣ ራስሽን ጠብቂ ትልሻለች። ፉርቃን ጫማ አትርሺ ይላል፣ እግሩ አድጓል። ጋሽ ጃፋር በፋሻው እጃቸው ሰላምታ ልከዋል፣ እትዬ ፈሪዳም እንደዚሁ። አብራሽ የምትሠራውን ራህማን በጣም ሰላም በይልኝ፣ ፕሮግራሙንም አብራችሁ እዩት።

ናኢማዬ፣ አንቺ ስትሄጂ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በላክንልሽ ፎቶ ሁሉ ላይ አንገቴን ደፍቻለሁ፣ ምን እንደምመስል አታውቂም። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ቆርጫለሁ። እትዬ ፈሪዳ ሻሹን ለእኔ ሰጥተውኛል። ነገ እሱን በግራ ትከሻዬ ጥዬ ከግድግዳው እዞራለሁ፣ ካሜራውንም አንቺን እንደማየው አድርጌ ፊት ለፊት አየዋለሁ።

እህትሽ ሀፍሷ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ